ካርታ የሌለበት ድንኳን

ሊፍት ውስጥ ተዘግቶበት የቀረ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የሪሐናን ድምፅ ነው። ሰውየው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይደውላል፤ ኃይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ የቤት ዕቃ መደብሮች ካሉበት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ፣ ሪሐና ታነሳና «አይዞዎት፤ አየር እንደ ልብ ይገባል፤ በሩን ብቻ አይግፉት» ትለዋለች። ከዚያ የሕንፃውን ስም ለሣራ ትነግራታለች፤ ሣራ ደግሞ ለሰፈሩ ቅርብ ወደሆነው ቴክኒሺያን ትደውላለች። የሊፍት ጥገና ድርጅቱ ሥራ በሁለቱ ሴቶች ጠረጴዛ መካከል ባለችው ክንድ በማትሞላ ክፍተት ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድሮ ሪሐና ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ በጣቷ ምልክት ትሰጥ ነበር፤ ሣራም ሳትጠይቅ ይገባት ነበር።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን በዚያች ክፍተት ውስጥ ጋሽ ወጋየሁ ገቡ። ጋሽ ወጋየሁ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ጠረጴዛቸው ከሁለቱ ኋላ ነው፤ ጥፋታቸውም ይኸው ብቻ ነው።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ ሳር ቤት ያለው ሕንፃ ሁለት ሰው ቀርቷል ይበሏት» ትላለች ሪሐና፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

«ሰምቻለሁ ይበሏት» ትላለች ሣራ።

«ሰምታለች» ይላሉ ጋሽ ወጋየሁ። «እኔ የምለው፣ የስልክ እንጨት አበል የሚባል ነገር የለም እንዴ?»

ኩርፊያ ሲውል ሲያድር ይለመዳል፤ ቢሮውም ለመደው። በየካቲት አንድ ቀን ግን ጋሽ ወጋየሁ ብሎን ሊያወጡ ወደ መጋዘን ወርደው ሳለ ከብስራተ ገብርኤል ስልክ ተደወለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሊፍት ውስጥ ቀርታለች። ሪሐና የሕንፃውን ስም ወረቀት ላይ ጽፋ ሣራ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ሣራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ከሌላ ቴክኒሺያን ጋር ታወራ ነበርና አላየችውም። ሪሐና ስሟን ልትጠራ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ጋሽ ወጋየሁ ብሎናቸውን ታቅፈው እስኪመለሱ ድረስ ሴትየዋ እዚያው ቆየች። ደግነቱ ከላብና ከንዴት በቀር ምንም ሳትሆን ወጣች፤ የሕንፃው ባለቤት ግን ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ኮርሳ ደውሎ የሚባለውን ሁሉ አለ።

አቶ ኮርሳ ማንንም አልተቆጡም። በሳምንቱ ሁለት ነገር ተሰማ። አንደኛው፣ ሣራ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ሰኞ ጀምሮ ወደ ሐዋሳ ቅርንጫፍ ትዛወራለች። «ራሷ ጠይቃ ነው» አሉ ጋሽ ወጋየሁ፣ ይህን እንኳ አድርሱ ሳይባሉ። ሁለተኛው፣ ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው ቅዳሜ ሠራተኛው በሙሉ የቢትቦክስ ሥልጠና ይወስዳል፤ ማለትም ያለ መሣሪያ፣ በአፍ ብቻ ከበሮ መምታት። አቶ ኮርሳ አንድ ባንክ ሠራተኞቹን በዚህ እንዳቀራረበ ከአንድ ሰው ሰምተው ኖሯል።

ሪሐና ሥልጠናውን አልሰማችም። የሰማችው ሰኞን ብቻ ነው። ሣራ ሳትሰማት ከሄደች፣ ሁለቱ ተኮራርፈው የቀሩ ሰዎች ሆነው ይቀራሉ። ደግሞም በውሸት።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሐምሌ፣ የሣራ አባት ጋሽ ኤርጫፎ ሲያርፉ ነው። ሪሐና በአካል ያየቻቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ድምፃቸውን ግን በየቀኑ ትሰማ ነበር። የልጃቸው ስልክ በሥራ ሰዓት ስለሚያዝ በድርጅቱ መስመር ይደውላሉ።

«ሪሐና ልጄ፣ ሣራዬ ምሳ በላች?»

«በልታለች አባባ።»

«አንቺስ?»

«እኔም በልቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ጋሽ ኤርጫፎ ቃል አይጨምሩም። ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ስብ ያደርጓታል፤ ሰው ሁሉ «እሺ» ወይም «አዎ» ለማለት እንደሚስባት፣ የደነገጠ ሰው የምትመስል አጭር ትንፋሽ። ስልኩም ይዘጋል።

የሞቱ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በሰርቪስ ተጭኖ ጀሞ ለቅሶ ደረሰ። ስልክ የሚይዝ ሰው ስላስፈለገ ሪሐና ቀረች፤ በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ብቻዋን ሄደች። ዝናብ ይዘንብ ነበር። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች መንታ መንታ ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ግን በብሎክ ቁጥር የሚፈልግ ማን አለ? ከታክሲ ወርዳ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጠውን ሰው «ለቅሶ ቤቱ የት ጋ ነው?» አለችው። በአገጩ አመለከታት። የማን ለቅሶ እንደሆነ እሷም አላለችም፤ እሱም አልጠየቃትም።

ድንኳን ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሻይ ሰጧት። ጥቁር የለበሱ አንዲት እናት እጇን ያዙ። «ልጅቷስ?» ብላ ስትጠይቅ «አሁን ገና ነው ጋደም ያለችው፤ ትረፍ» አሏት። ሪሐና ያቺን የስልክ ትንፋሽ አስታወሰችና አለቀሰች፤ የተቀመጡት ሴቶች ዞረው እስኪያዩዋት ድረስ አለቀሰች። በድንኳኑ ጥግ ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ፤ ዝናቡ ሸራውን ይመታል። ሁለተኛ ሻይ ጠጥታ፣ «ነፍሳቸውን ይማር» ብላ ወጣች።

ሣራ ከሐዘን ወደ ሥራ ስትመለስ ሪሐና ልታቅፋት ተነሳች። ሣራ ወደ ኋላ አለች።

«ሁሉም ሰው መጣ። አንቺ ብቻ ቀረሽ።»

«መጥቻለሁ እንጂ!»

«እኔ እኮ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ በር ፊት ለፊት ነው የተቀመጥኩት።»

«ወላሂ መጥቻለሁ! ተኝታለች ብለውኝ ነው እንጂ…»

«ሪሐና፣ በአባቴ ሞት ላይ አትማዪ።»

ይህን ቢሮው በሙሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጡም።

ሪሐና እውነቱን ያወቀችው ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ነው። ጋሽ ወጋየሁ ስልካቸው ላይ ፎቶ ሲያሳዩ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየች። አረንጓዴ መስመር ያለው ድንኳን፣ ኪቦርድ የሚጫወት ወጣት፣ እጃቸውን ያነሱ ሰዎች።

«ይኼ የት ነው?»

«የሣራ አባት ለቅሶ ነዋ።»

«ካርታ የሚጫወቱት ሰዎችስ?»

ጋሽ ወጋየሁ ሳቁ። «ጴንጤ ለቅሶ ቤት ምን ካርታ አለ! መዝሙር ነው፣ ስብከት ነው፣ ከዚያ ሻይ ነው። እኔ ራሴ ካርታ ባጣ ጊዜ ነው በጊዜ ወደ ቤቴ የገባሁት።»

ሪሐና ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ያለቀሰችው የማታውቀው ሰው ድንኳን ውስጥ ነው። ወላሂ ያለችውም በዚያ ነው። ሄዳ ልትነግራት ብዙ ጊዜ ተነሳች። ግን ምን ብላ? «ሌላ ድንኳን ገብቼ ነው» ማለት ሳይሄድ የቀረ ሰው አስቦ አስቦ የሚያመጣው ሰበብ ይመስላል። እውነቱ ከውሸትም ይልቅ ውሸት መሰላት፤ በየቀኑ ሲያድር ደግሞ ይበልጥ እየመሰለ ሄደ።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፉ፤ ስልኩ ለተረኛው ቴክኒሺያን ተላለፈ። አሠልጣኙ ፊሊጶስ የሚባል፣ ቁመቱ ከክብደቱ የቀደመ፣ ኮፍያውን ገልብጦ ያደረገ ወጣት ነው። አንድ ማይክሮፎንና አንድ ትንሽ ስፒከር ይዟል።

ሣራ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። «አቶ ኮርሳ፣ ይኼ ዘፈን ከሆነ እኔ የለሁበትም።»

«ቃል የለውም እኮ እህቴ» አለ ፊሊጶስ።

«ቃል የሌለው ዘፈን ቢሆንስ?»

«ሣሪ፣» አለ ቴክኒሺያኑ ቀጄላ፣ «ሊፍት ሲከፈት ቲንግ የሚለው ዘፈን ከሆነ እኛ ከእምነት ከወጣን ቆየን።»

አቶ ኮርሳ ሳቃቸውን ዋጡ። «ማንም አይገደድም። ካልተመቸሽ ተቀምጠሽ ስሚ።»

ፊሊጶስ ማይክሮፎኑን ከንፈሩ ላይ ገጠመ፤ ስፒከሩ ሆድ የሚነካ ከበሮ መታ። አቶ ኮርሳ ሳይታወቃቸው ወንበራቸውን ያዙ።

«አትደንግጡ፤ ሁላችሁም ትችሉታላችሁ። ጵ በሉ። ጴ አይደለም፤ ጵ ብቻ፣ ከንፈር ላይ ይፈንዳ። እሷ ትልቋ ከበሮ ናት። አሁን ጥ። እሷ ሲምባሏ፣ ቺስ የምትለዋ የነሐስ ሳህን። ቅ ደግሞ ጭብጨባዋ። ፈረንጆቹ እነዚህን ለማውጣት ወራት ይለፋሉ፤ እናንተ ግን ‹ጠጠር› ባላችሁ ቁጥር ስትመቱ ነው የኖራችሁት።»

ክፍሉ ጵ፣ ጥ፣ ቅ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የተበሳ ቧንቧ ይመስል ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ግን መስመር ያዘ። ቀጄላ ትከሻውን ጨመረበት።

«አሁን የመጨረሻዋና ከባዷ» አለ ፊሊጶስ። «ትንፋሽ እንዳያልቅባችሁ ወደ ውስጥ እየሳባችሁ መምታት አለባችሁ። ስሙ።» አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ።

«ይቺ ናት ከባዷ?» አሉ ጋሽ ወጋየሁ። «ባለቤቴ ስታዘኝ ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ስል ነው የምውለው?» እሳቸውም ሳቧት። ሁሉም እየሳቀ ተከተላቸው፤ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ላይ «እሺ» ያለ መሰለ።

ሪሐና ሳታስብ ወደ ስልኩ አየች። ቀና ስትል የሣራም ዓይን እዚያው ስልክ ላይ ነበር። ዓይን ለዓይን ሳይገጣጠሙ ሁለቱም አቀረቀሩ።

ከዚያ ፊሊጶስ ጨዋታ አመጣ። እያንዳንዱ ሰው ተቀምጦ የሚያውቀውን አንድ ቦታ በድምፅ ብቻ ያሳያል፤ ሌላው የት እንደሆነ ይገምታል። ቀጄላ ሊፍት ሆኖ ሁለት ፎቅ ከወጣ በኋላ ተንቋቋና ቆመ፤ «ሪሐናን ጥሩልኝ!» ብሎ ጮኸና ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ወጋየሁ የባንክ ገንዘብ ቆጣሪ ማሽን ሆኑ። አቶ ኮርሳ ዶሮ ነው ወይስ ጄኔሬተር እስከ ዛሬ ያልታወቀ ነገር አሰሙ።

«ቀጣይ፣ ሪሐና!»

ሪሐና የስልክ ጥሪ ላሰማ ብላ አስባ ነበር። ማይክሮፎኑን ይዛ ወደ በሩ አየች። ሣራ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ናት፤ ከሁለት ቀን በኋላ ያቺ ወንበር ባዶ ናት። ሪሐና ሂጃቧን ከአገጯ ሥር አስተካከለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ጵጥ፣ ጥጥ። ጵጥ፣ ጥጥ። ዝናብ፤ ግን በቆርቆሮ ላይ አይደለም፣ ለስለስ ባለ ነገር ላይ። ሥር ሥሩን አንድ ማጉረምረም፣ አፍ ሳይከፈት፣ እም፣ እም። ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር፣ ችን፣ ችን። የአፍንጫ መሳብ። ማጉረምረሙ። ዝናቡ። ከዚያ ድንገት፦ ጧ!

«ሻይ ቤት!» አለ ቀጄላ።

ሪሐና ራሷን ነቀነቀች። ጵጥ፣ ጥጥ። እም፣ እም። ጧ!

«በረንዳ ላይ ዳማ የሚጫወቱበት ቤት» አሉ አቶ ኮርሳ።

ጋሽ ወጋየሁ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ነበር። ፈገግታቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። «ድንኳን ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዝናቡ ሸራ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት ነው።»

ሣራ ተነሳች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ፊቷ ቀልቷል። ፊሊጶስ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ስፒከሩን ዝቅ አደረገ። ሣራ የበሩን እጀታ ይዛ ቆመች።

«ጋሽ ወጋየሁ» አለች ሳትዞር። «ያ ጧ የሚለው ምንድን ነው ይበሏት።»

ጋሽ ወጋየሁ ወደ ሪሐና ዞሩ። «ምንድን ነው?»

«ካርታ ነው ይበሏት። አንዱ ሰውዬ ካርታ ሲጥል ጠረጴዛውን ይመታ ነበር።»

«ካርታ ነው…»

«በአባቴ ድንኳን ካርታ አልነበረም ይበሏት።»

«አውቃለሁ ይበሏት። ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ አሁን አውቃለሁ።»

ጋሽ ወጋየሁ አፋቸውን ከፍተው አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ አሉ። ሣራ ግን አልጠበቀቻቸውም። ዞረች።

«ታዲያ የት ነበርሽ?»

ጋሽ ወጋየሁ አፋቸውን ዘጉ። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ ከክረምት ጀምሮ እንደቆመ ሰው ተነፈሱ።

«አላውቅም» አለች ሪሐና። «ጀሞ ነው። ከታክሲ ወርጄ ለቅሶ ቤቱ የት ነው አልኩ፤ አሳዩኝ፤ ገባሁ። ሁለት ድንኳን ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ልጅቷስ ስላቸው ጋደም ብላለች አሉኝ። አንቺ መስለሽኝ…»

«እና ተቀምጠሽ አለቀስሽ?»

«አለቀስኩ።»

«ለማን?»

«ለአባባ። ምሳ በላሽ ወይ የሚሉኝን እያሰብኩ።»

የሣራ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ሪሐና ልታለቅስ ነው ብላ አንድ እርምጃ ቀረበች። ሣራ ግን ቦርሳዋን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ መዝለል ጀመረ፤ ከቦርሳው ኋላ የወጣው ሳቅ ነበር፤ ሳቁም እየቆየ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ተመልሶም ሳቅ ሆነ።

«ሻይም ሰጡሽ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ደግመሽ ጠጣሽ!» አለ ቀጄላ። «በሰው ለቅሶ!»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሣራ ዓይኗን እየጠረገች።

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

ሣራ አሰበች። «አላምንሽም ነበር» አለች። እውነቷን ነው።

ፊሊጶስ ወደ አቶ ኮርሳ ጠጋ ብሎ «ጌታዬ፣ ይኼ የሥልጠናው ክፍል አይደለም» አላቸው።

«ዝም በል አንተ» አሉት አቶ ኮርሳ። «ገና አሁን ነው የተጀመረው።»

*

«እማዬ ቤት ናት» አለች ሣራ ሲወጡ። «ዛሬ መጥተሽ ድረሺ። የዘገየ ለቅሶም ለቅሶ ነው።»

ታክሲው ውስጥ ብዙ አላወሩም። የረሱትን ነገር እንደሚፈልጉ ሰዎች አንዳንድ ቃል ያነሳሉ፣ ይተዉታል። ጀሞ ሲወርዱ ማስቲካ ሻጩ እዚያው ነበር።

«የቱ ነው?» አለች ሣራ። «ያለቀስሽበትን አሳዪኝ።»

ሪሐና በአገጯ አመለከተች። ከብሎኩ ሥር፣ ፀሐዩ ላይ፣ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ። ቀና አሉ። ሰፌዱን መሬት አኖሩት።

«አንቺ!» አሉ። «ያቺ ያለቀሰችው ልጅ አይደለሽም?»

ሪሐና ወደ ሣራ ዞረች።

«ተዝካሩ ላይ ሳይቀር ስንፈልግሽ ነበር እኮ! ማን ናት፣ ከየት ናት ብንል የሚያውቅ ጠፋ። ልጆቼ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? አባባ የደበቃት ልጅ ናት አሉኝ! እኔስ ልዋሽ እንዴ፣ ጠርጥሬአለሁ። ያን ያህል አልቅሳ፣ ስሟን ሳትናገር ሄደች ብዬ። በይ ንገሪኝ፤ ባለቤቴን በምን አወቅሽው?»

የተዘጋበትን ሰው ሁሉ የሚያረጋጋው የሪሐና ድምፅ በዚች ሰዓት ከዳት።

«በስሕተት ነው እማማ» አለች ሣራ። «የእኔን አባት ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ነው ድንኳን የተሳሳተችው።»

ሴትየዋ አንዷን አዩ፤ ሌላዋን አዩ። በሁለቱም ፊት ላይ ውሸት አጡ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

«ይቅር በለኝ አንተ ሰው» አሉ። «ይኸው፣ ንጹሕ ነህ።»

የሪሐናን እጅ ያን ቀን እንደያዙት ያዙ። «ለቅሶሽ ግን አይመለስም፤ የእኛ ነው» አሏት። «አሁን ሂጂ የእሷን ድረሺ።»

የሣራ እናት ብሎክ ሁለት ብሎክ አልፎ ነበር፤ ቀለሙም ደረጃውም አንድ ነው። እየወጡ ሳለ ሪሐና ቆም አለች።

«ሰኞ መሄድሽ አልቀረም?»

«አልቀረም። ቤትም ተከራይቻለሁ።»

ትንሽ ወጡ።

«በድርጅቱ መስመር ትደውያለሽ?» አለች ሪሐና። «ምሳ መብላቴን የሚጠይቅ ሰው የለኝም።»

ሣራ ቃል አልጨመረችም። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስብ አደረገችና በሩን አንኳኳች።